የልብስ ማጠቢያ ክፍሉ ስዊች

ሙያዬ መለየት ነው። ሰዎች ኔትወርክ ማለት ማገናኘት ይመስላቸዋል፤ ማገናኘት ግን ኬብል መሳብ የሚችል ማንኛውም ሰው የሚሠራው ነው። እኔ የምጠራው ሁሉም ነገር ከተገናኘ በኋላ፣ ማን ከማን ጋር መነጋገር እንደሌለበት ለመወሰን ነው። በአንድ ስዊች፣ ኬብሎቹ በሚሰኩበት ትንሽ ሣጥን፣ ላይ ሃያ አራት መሣሪያዎች ጎን ለጎን ተሰክተው፣ አንዱ የሌላውን መኖር ሳያውቅ ዓመታት እንዲያልፉ ማድረግ እችላለሁ። ለእያንዳንዱ ቡድን ቁጥር እሰጣለሁ፤ ቁጥራቸው የተለያየ መሣሪያዎች በመካከላቸው ያለው ርቀት አንድ ጣት ቢሆን እንኳ ራውተሩ ካልፈቀደ በስተቀር አይገናኙም። ይህን አከፋፈል ቪ-ላን እንለዋለን። አዲስ አበባ በማስተርስ ደረጃ ተምሬዋለሁ፤ ሦስት ዓመት አስተምሬዋለሁ፤ እዚህ ሳዑዲ፣ ኾበር ከተማ ላይ ደግሞ እንጀራዬ ሆኗል።

ኢቃማዬ፣ የመኖሪያ ፈቃዴ፣ ላይ የተጻፈው ሙያ ቴክኒሻን ነው። መሐንዲስ ተብሎ እንዲጻፍልኝ ካፊሌ፣ ማለትም በስሙ የምኖርበት አሠሪዬ፣ ለሆነው ድርጅት ሁለት ጊዜ ማመልከቻ አስገብቼ፣ ሁለት ጊዜ «ኢንሻአላህ» ተብያለሁ። ይህን የምጽፈው ለማማረር አይደለም። የሠራሁት ነገር ያለዚህ አይገባም፤ ለዚያ ነው።

ወደዚያ ቤት የተላክሁትም በትምህርቴ አልነበረም። የቤቱ ባለቤት በደማም የመጀመሪያ ኢንዱስትሪ ከተማ የፕላስቲክ ቱቦ ፋብሪካ ያለው ነጋዴ ነው። የፋብሪካውን ኔትወርክ ድርጅታችን ቀደም ብሎ ሠርቶለት ነበር፤ ቢሮውን፣ ማሽኖቹንና የሠራተኞቹን ማደሪያ ለየብቻ መክፈላችንን ስለወደደው፣ አል ሙሐመዲያ ሰፈር ያለው መኖሪያ ቤቱም በዚያው መልክ እንዲደራጅ ጠየቀ። ሰውዬው ቀን ቀን ፋብሪካ ይውላል። ቤት ውስጥ ሚስቱና ልጆቹ ብቻ ስለሚሆኑ፣ እሱ በሌለበት ወንድ ቴክኒሻን አይገባም። በድርጅቱ ውስጥ ስዊች የምታዋቅር ሴት እኔ ብቻ ነበርሁ። ስለዚህ ከእኔ ያነሰ የሚያውቁ ወንዶች የመጋዘንና የሆስፒታል ሥራ ሲሠሩ፣ እኔ የአንድ ቤተሰብ ቴሌቪዥንና ፍሪጅ ልከፋፍል ሄድሁ።

የግቢው ዘበኛ ፊቴን አየ፤ የላፕቶፕ ቦርሳዬን አላየም። «ኸዳማ ጀዲዳ?» አለኝ፤ አዲሷ ሠራተኛ ነሽ ወይ ማለቱ ነው። መልሴንም ሳይጠብቅ በጎን በኩል ያለውን ትንሽ በር አመለከተኝ። ይህ አዲስ ነገር አልነበረም። በዚህ አገር ከሐበሻ ሴት ፊት ጋር የተያያዘ አንድ ሥራ ብቻ አለ። እኔም መከላከያዬን አዘጋጅቼ የምኖር ነኝ። የድርጅቱን መታወቂያ ከዓባያዬ በላይ አንጠለጥላለሁ፤ መጀመሪያ የምናገረው እንግሊዝኛ ነው፤ በገበያ ማዕከል ውስጥ የአሠሪ ልጅ የያዙ ያገሬ ሴቶች ሲመጡ ስልክ የማወራ መስዬ አልፋለሁ። ከእነሱ እንደ አንዷ እንዳልቆጠር የማደርገው ጥንቃቄ፣ ለደንበኞቼ ካዋቀርሁት ከማንኛውም ስዊች የተሻለ ነበር።

መታወቂያዬን ለዘበኛው አሳየሁት። ትልቁን በር ከፈተልኝ። ማዳም፣ የባለቤቱ ሚስት፣ አዳራሹ መግቢያ ላይ ቆማ «አህለን ያ ሙሀንዲሳ» አለችኝ። ሙሀንዲሳ ማለት ሴት መሐንዲስ ማለት ነው። ኢቃማዬ የነፈገኝን ስም ያለ ማመልከቻ ሰጠችኝ። ይህች ቃል ምን ያህል እንዳስደሰተችኝ ያኔ አልገባኝም፤ የገባኝ በኋላ፣ ያችን ቃል ላለማጣት ምን እንደከፈልሁ ሳይ ነው።

ማዳም ክፉ ሴት አልነበረችም። ትሑት ናት፤ የምትፈልገውን ታውቃለች፤ ትእዛዟ እንደ እኔ ትእዛዝ አጭር ነው። ቤቱን በአራት ከፈልነው። ቁጥር ዐሥር ቤተሰቡ፤ ቁጥር ሃያ መጅሊሱ፣ የእንግዳ መቀበያው፣ ውስጥ የሚቀመጡ እንግዶች፤ ቁጥር ሠላሳ ካሜራዎቹ፤ ቁጥር ሃምሳ ሠራተኛዋ። ከእነዚህ ሌላ ስዊቾቹን ከቢሮዬ ሆኜ የማዝበትን አንድ ቁጥር ለራሴ አስቀረሁ። ዋናው ስዊች ከደረጃው ሥር ባለ ቁም ሣጥን ውስጥ ነው። ሁለተኛው በጓሮ በኩል ባለው የልብስ ማጠቢያ ክፍል ውስጥ ነው፤ የጓሮውንና የዚሁ ክፍል ካሜራዎች፣ እንዲሁም በሠራተኛዋ ክፍል በኩል ያለውን ዋይፋይ የሚመግበው እሱ ነው። ሁለቱን አንድ ኬብል ያገናኛቸዋል። በኬብሉ ሁለት ጫፎች ላይ በዚያ መንገድ ማለፍ የተፈቀደላቸው ቁጥሮች ዝርዝር ይጻፋል። በዝርዝሩ ላይ የሌለ አያልፍም።

«ለሠራተኛዋ ጁምዓ ከዐስር ሶላት እስከ መግሪብ ይበቃታል» አለች ማዳም፤ ዓርብ ከሰዓት በኋላ እስከ ጀንበር መጥለቂያ ማለቷ ነው። «ሌላ ቀን ማፊ፤ የለም። ከእሷ በፊት የነበረችው ስልኳን ስታይ ልጄ ከደረጃ ወድቋል።» የሠራተኛዋ ሲም ካርድ በማዳም ባል ስም የወጣ እንደነበርና ዋይፋይ ይገባል ሲባል እንዳዘጉትም ነገረችኝ። ትክክለኛ ደንበኛ ናት፤ ምክንያቱን ጭምር ትሰጣለች። እኔም የሰዓቱን ገደብ ራውተሩ ላይ ጻፍሁት። አራት ደቂቃ አልፈጀብኝም።

ሠራተኛዋን ያገኘኋት በሁለተኛው ቀን፣ ስዊቹን በልብስ ማጠቢያው ክፍል ግድግዳ ላይ በተሰቀለ የብረት ሣጥን ውስጥ ሳስገባ ነው። የወሎ ልጅ ናት፤ ከሐይቅ ወዲያ ካለ ገጠር የመጣች፣ ሠላሳ ያልሞላት። በትሪ ውሃና ተምር ይዛ ገባችና በሩ ላይ ቆማ አየችኝ።

«እትዬ፣ ሐበሻ ነዎት አይደል?»

በእንግሊዝኛ ልመልስላት አፌን ከፍቼ ነበር። ክፍሉ ጠባብ ነው፤ የማልፍበት ስልክ በእጄ አልነበረም። «ነኝ» አልሁ።

«አልሐምዱሊላህ። ማዳም ትናንት ሙሀንዲሳ መጣች ስትለኝ ሊባኖሳዊት መስላኝ ነበር። ኋላ በመስኮት አየሁሽና ይቺማ የኛ ናት አልኩ። በአረማመድሽ ነው ያወቅኩሽ።»

«አረማመዴ ምን ሆነ?»

«የተቆጣ ሰው አረማመድ ነው። ወላሂ።»

ትሪውን ማጠቢያ ማሽኑ ላይ አስቀመጠችና ላፕቶፔ ላይ ያለውን ሥዕል ታይ ጀመር። የቤቱን አከፋፈል በባለ ቀለም ሣጥኖች ሥዬው ነበር። የመጀመሪያውን ሣጥን በጣቷ አመለከተች። «ይኼ ምንድን ነው?»

«ቤተሰቡ ነው። ስልኮቻቸው፣ ቴሌቪዥኖቹ፣ ፍሪጁ።»

«ፍሪጁም ከቤተሰቡ ጋር ነው?»

«ኢንተርኔት አለው። በሩ ሳይዘጋ ሲቀር ለማዳም በስልኳ ይነግራታል።»

«እኔስ የት ነኝ?»

የመጨረሻውን ሣጥን አሳየኋት። «እዚህ። ሃምሳ።»

«ከፍሪጁ በታች ነኛ።»

«ቁጥሩ ደረጃ አይደለም» አልኋት፤ ተማሪ በማርምበት ድምፅ። «መለያ ብቻ ነው።»

«እሺ እትዬ፣ መለያ ይሁን። ፍሪጁም የሚናገረው ጁምዓ ጁምዓ ብቻ ነው?»

ተምሩን ወደ እኔ ገፋ አደረገችልኝ። ከዚያ ጁምዓ ከዐስር በኋላ የተከፈተላት ሰዓት እንደማይጠቅማት ነገረችኝ። ጁምዓ ቤተሰቡ ኒስፍ አልቀመር ወደሚባለው የባሕር ዳርቻ ይሄዳል፤ ልጆቹን ውሃ ዳር የምትጠብቅ እሷ ናት፤ የሚመለሱት ከመግሪብ በኋላ ነው። እንግዲህ እኔ በሩን የከፈትሁላት ቤት በማትኖርበት ሰዓት ነበር። ማዳም ይህን አስባበት ይሁን ሳታስበው ዛሬም አላውቅም። እኔ ግን ከዚያች ደቂቃ ጀምሮ አውቄው ነበር፤ ሰዓቱንም አልቀየርሁትም።

ልመናዋ የመጣው ዕቃዬን መሰብሰብ ስጀምር ነው። አገር ቤት ከእናቷ ጋር የምትኖር የስምንት ዓመት ልጅ አለቻት። የልጅቱ አባት ሌላ አግብቶ ሩቅ አገር ይኖራል፤ አሁን መጥቶ ልጄን ስጡኝ ብሏል።

«አባትነቱ አሁን ታወሰው?» አልሁ።

«ሚስቱ መንታ ወልዳለች። ሞግዚት ፈልጎ ነው።» ይህን ስትል ፊቷ አልተለወጠም። «ነገሩን ሽማግሌ ይዞታል። በሚመጣው ረቡዕ ከቀኑ ስምንት ሰዓት ላይ እናቴ ቤት ይቀመጣሉ። የእናቴን ቃል አንቀበልም ብለዋል። እናቲቱ ፊቷ እየታየ በአፏ ትናገር፤ ካልተናገረች ልጇን ትታለች ነው የሚሉት። የጎረቤት ልጅ ስልክ ይዞ ይቀመጣል። እኔ ጋ ነው የጠፋው።»

«ለማዳም ንገሪያት።»

«ነገርኳት። አንድ ረቡዕ ከፈቀድኩ ሌላ ረቡዕ ሌላ ነገር ይመጣል አለች። እሷም እውነቷን ነው፤ ሰው ሁሉ የሚላት እንደዚያ ነው።»

«እንግዲያው ሽማግሌዎቹ ጁምዓ ይቀመጡ።»

«እትዬ ደግሞ» አለች፤ ፈገግ ብላ። «ለሽማግሌ ቀን የምቆርጥለት እኔ ነኝ? ለአንድ ሰዓት ክፈቺልኝ። አንድ ሰዓት ብቻ። ማዳም ያኔ ትተኛለች።»

የመለስሁላትን ቃል በቃል አስታውሳለሁ። «የደንበኛውን ትእዛዝ የመለወጥ ሥልጣን የለኝም» አልኋት። በአማርኛ የተነገረ ቢሆንም ማኅተም ብቻ የቀረው ደብዳቤ ነበር። እሷ አልተቀየመችም። «እሺ። እኔ ግን ስምንት ሰዓት ላይ ስልኬን ይዤ እዚሁ እሆናለሁ። ልብሽ ከፈቀደ ትሞክሪልኛለሽ» አለች።

ከመውጣቴ በፊት የመጨረሻውን ፍተሻ አደረግሁ፤ የስዊቹን የኤሌክትሪክ ገመድ ነቅዬ መልሼ ሰካሁት። መብራቶቹ ጠፍተው ቆዩና አንድ በአንድ ተመለሱ።

«ምን ሆኖ ነው?» አለችኝ።

«ምንም አልሆነም። ሲታመም መድኃኒቱ ይህ ነው። ነቅለሽ ትሰኪዋለሽ፤ በሁለት ደቂቃ ውስጥ የተቀመጠለትን ያስታውሳል፤ ሌላውን ይረሳዋል።»

«የታደለ» አለች።

ረቡዕ ዕለት ኾበር ቢሮዬ ውስጥ ነበርሁ። ስላዘንሁላት ነው ያደረግሁት ብዬ ብጽፍ ደስ ይለኝ ነበር፤ እውነቱ ግን ከዚህ ያነሰ ነው። የፍሪጁ ነገር ከአእምሮዬ አልወጣ ብሎ ነበር። ከዚያም በላይ፣ ማንም ሳያውቅ ላደርገው እንደምችል አውቅ ነበር፤ ችሎታዬን የሚያይልኝ ሰው በሌለበት አገር፣ ማንም የማያየው ሥራ በራሱ ያማልላል። የራውተሩን የሰዓት ገደብ ብነካው ለባለቤቱ መልእክት ይሄዳል። ስለዚህ ሌላ መንገድ መረጥሁ። በልብስ ማጠቢያው ክፍል ያለውን ዋይፋይ ለአንድ ሰዓት ከሃምሳ አውጥቼ ወደ ሃያ አዛውረዋለሁ፤ ሃያ ያለ ገደብ የሚሠራ የእንግዶች ቁጥር ነው። ለአንድ ሰዓት የቤቱ እንግዳ ትሆናለች። ከዚያ እመልሳታለሁ።

ሥራው ቀላል ነው። ሃያ ቁጥር በኬብሉ በሁለቱም ጫፎች ዝርዝር ላይ መጨመር አለበት። በዋናው ስዊች በኩል ጨመርሁት። ወደ ሁለተኛው ስዊች ገባሁና ዋይፋዩን ወደ ሃያ አዛወርሁ። የቀረው አንድ መስመር ነበር። ሰዓቱ ስምንት ከሦስት ደቂቃ ይላል።

በሙያችን አንድ ልማድ አለ። ከሩቅ ሆኖ አደገኛ ትእዛዝ የሚሰጥ ሰው አስቀድሞ ስዊቹን ከዐሥር ደቂቃ በኋላ ራሱን አጥፍቶ እንዲነሣ ያዘዋል። ካልተሳሳተ ትእዛዙን ይሰርዘዋል፤ ከተሳሳተ ስዊቹ ይነሣና ስሕተቱን ይረሳል። ይህን ተማሪዎቼ እስኪሰለቹኝ ድረስ አስተምሬያለሁ። በዚያ ቀን አላደረግሁትም። ለአንድ መስመር የሚደረግ የጀማሪ ጥንቃቄ መሰለኝ።

በዚያች ቅጽበት ኃላፊዬ ከኋላዬ መጣ። ግብፃዊ ነው፤ ቀልድ ይወዳል። ስክሪኑ ላይ የምጽፍበትን መስኮት ቶሎ አሳነስሁት።

«የፍሪጆች ንግሥት፣ የመጋዘኑ ኔትወርክ ሥዕል ደረሰ?» አለኝ።

«ነገ ይደርሳል።»

«ነገ የሚለውን ከእኛ ከግብፆች ተማርሽ። አትቸኩዪ፤ ፍሪጆቹ እንዳይቀዘቅዙ ብቻ።»

ጎን ያሉት ወንዶች ሳቁ። እሱ ሄደ። መስኮቱን መለስሁትና የቀረውን መስመር በቁጣ ጻፍሁት።

በዝርዝሩ ላይ አዲስ ቁጥር ለመጨመር ከቁጥሩ በፊት «አድ» የምትል አጭር ቃል ትገባለች፤ ጨምር ማለት ናት። ካልገባች ስዊቹ ከእንግዲህ የሚያልፈው ይህ አንድ ቁጥር ብቻ ነው ብሎ ይወስድና የቀሩትን ሁሉ ያጠፋል። አይጠይቅም። አያስጠነቅቅም። ከእኛ ሙያ ሰዎች ይህችን ስሕተት አንድ ጊዜ ያልሠራ የለም፤ ሁለተኛ የሚሠራት ግን ሞኝ ነው ብዬ አስተምር ነበር። እኔ የመጀመሪያዬን ከዓመታት በፊት ሠርቻለሁ።

ሃያ ብዬ ጻፍሁና የማስገቢያውን ቁልፍ ተጫንሁት። ስክሪኑ ቆመ። ካሜራዎቹ ጠፉ፤ እኔ የማዝበትም ቁጥር ጠፋ፤ ከስዊቹ ጋር ያለኝ ግንኙነት ተቆረጠ። ሃያ ብቻውን ቀረ። ቢያንስ እሷ ታልፋለች ብዬ አንድ ደቂቃ ተስፋ አደረግሁ። ግን የዋይፋይ ማሰራጫው ራሱ ትእዛዝ የሚቀበለው በዚያው በእኔ ቁጥር በኩል ነበር፤ እሱ ሲቋረጥ የዋይፋዩ ስም ከአየር ላይ ይጠፋል። እንዲህ እንዲሆን ያዋቀርሁት እኔ ነኝ፤ ለጥንቃቄ።

ስሕተቱን በስዊቹ ቋሚ ማስታወሻ ላይ አላስቀመጥሁትም ነበር። ገመዱ ተነቅሎ ቢሰካ ሁሉም ይመለሳል። ያን የሚያደርግ ሰው ግን እዚያ ቤት ያለ ሰው ነው። የሠራተኛዋ ሲም ስለተዘጋ ልደውልላት አልችልም። ማዳም ዘንድ ብደውል ማድረግ ያለባት የአንድ ደቂቃ ሥራ ነው፤ ከዚያ ግን ለምን ብላ ትጠይቃለች። የማዳምን ቁጥር አውጥቼ ስልኩን ጠረጴዛው ላይ አስቀመጥሁት። ለሃያ ሁለት ደቂቃ ተቀምጬ አየሁት።

ስምንት ሰዓት ከሃያ ስድስት ላይ ሁለተኛው ስዊች በራሱ ተመለሰ። ካሜራዎቹ አረንጓዴ ሆኑ። ደስ አለኝ። ይህን መጻፍ አለብኝ፤ ደስ አለኝ።

እዚህ ላይ አንድ ነገር አለ፤ ከሁሉም ይልቅ እሱን አልረሳውም። ስዊቹ ተመልሷል። ትእዛዙን አውቀዋለሁ። የጎደለችውን ቃልም አውቃታለሁ። ደግሜ ብጽፈው አንድ ደቂቃ አይፈጅም ነበር፤ ሽማግሌዎቹም ተቀምጠዋል። እኔ በዋናው ስዊች ላይ የጨመርሁትን ሃያ ቁጥር አጥፍቼ ዱካዬን አጸዳሁና ላፕቶፑን ዘጋሁት። ከዚያ የመጋዘኑን ሥዕል ጀመርሁ።

በማግስቱ ባለቤቱ ራሱ ለድርጅቱ ደወለ። የጓሮው ካሜራዎች ለሃያ ሁለት ደቂቃ ጠፍተው ነበር። ሲመለሱ የልብስ ማጠቢያው ክፍል ካሜራ መጀመሪያ ያሳየው ሠራተኛዋን ነው፤ በሣጥኑ አጠገብ ቆማ፣ እጇ ገመዱ ላይ፣ በሌላ እጇ ስልኳን ይዛ። በሃያ ሁለት ደቂቃ ውስጥ በጓሮው በር ማን ገብቶ ማን እንደወጣ ማወቅ ይፈልጋል። ካሜራዎቹን ያጠፋችው እሷ መሆኗን የሚገልጽ የቴክኒክ ሪፖርት እንድጽፍለት ኃላፊዬ ነገረኝ።

ሪፖርቱን በእንግሊዝኛ ጻፍሁት፤ አራት ዓረፍተ ነገር ነው። በሁለተኛው ስዊች ላይ ከስምንት ሰዓት ከአራት ጀምሮ ግንኙነት ተቋርጧል። ስምንት ከሃያ አራት ላይ የኤሌክትሪክ ገመዱ በእጅ ተነቅሎ ተሰክቷል። ስዊቹ በመነሣቱ ምክንያት የቀደመው መዝገብ ከማስታወሻው ጠፍቷል። ለመጀመሪያው መቋረጥ ምክንያት የሆነው አልታወቀም።

ሦስቱ እውነት ናቸው። አራተኛውንም እንዲህ የጻፍሁት በእሷ ላይ ላለመመስከር ነው ብዬ ራሴን ለአንድ ቀን ያህል አሳምኜ ነበር፤ እሷ ናት አላልሁምና። ነገር ግን ምክንያቱ አልታወቀም የሚል ወረቀትና እጇ ገመዱ ላይ ያለ ምስል ጎን ለጎን ሲቀመጡ፣ አንባቢው የጎደለውን ራሱ እንደሚሞላው አውቃለሁ። የተማርሁት ትምህርት ለዚህ ዓይነቱ ዓረፍተ ነገር በጣም ይጠቅማል።

ባለቤቱ ለፖሊስ አላመለከተም። ይህን እንደ ቸርነት ቆጥሮት እንደነበር ሰምቻለሁ። ኹሩጅ አስመታላት፤ ወደ አገሯ ጨርሳ መመለሻዋን ማለት ነው። ድርጅታችንን ደግሞ ለብረት ሣጥኑ ቁልፍ እንዲሠራለት ጠየቀ። ሴት ስለሚያስፈልግ እኔ ተላክሁ።

እሑድ ጠዋት ነበር። የሠራተኛዋ ክፍል ከልብስ ማጠቢያው ቀጥሎ ነው፤ በሁለቱ መካከል ያለው በር ክፍት ነበር። እሷ አልጋው ላይ ሻንጣዋን ትሞላለች፤ እኔ ሣጥኑ ላይ የቁልፉን ማቀፊያ በብሎን አስራለሁ። ማዳም ኮሪደሩ ላይ ቆማ ሁለታችንንም ትጠብቃለች።

«እትዬ፣ ደህና ነሽ?» አለችኝ፤ ከሻንጣዋ ቀና ሳትል።

«ደህና ነኝ። ሽማግሌዎቹስ?»

«ጁምዓ ውሃ ዳር ስላልወሰዱኝ እናቴ በዋይፋይ ነገረችኝ፤ እስከ ዐስር ሶላት ጠብቀውኝ ነበር። እናቴ ትመጣለች ትመጣለች እያለች ስታቆያቸው። ኋላ ትታለች አሉና ተነሡ። ሐሙስ ወሰዳት።» አንድ የልጅ ቀሚስ ዘርግታ አየችው፤ አዲስ ነው፣ ምልክቱ አልተነሣለትም። አጣጥፋ ከላይ አኖረችው። «አሁን እሄዳለሁ። ኢንሻአላህ ካለበት ሄጄ እለምነዋለሁ። ግን የሽማግሌ ቃል አንዴ ወጥቷል፤ በዚያ ላይ ከሰው ቤት ካሜራ አጥፍታ ተባረረች ይሉኛል። ወሬ ከእኔ ቀድሞ ነው የሚገባው።»

ሁለተኛውን ብሎን አሰርሁ።

«እትዬ፣ አንድ ነገር ልጠይቅሽ?»

«ጠይቂኝ።»

«ያን ቀን ሞክረሽልኝ ነበር?»

ማዳም ሦስት እርምጃ ርቀት ላይ ናት፤ አማርኛ አታውቅም። እውነቱን ብናገር የሚሰማው አንድ ሰው ብቻ ነበር። ያ ሰው በዚያው ቀን ከሳዑዲ የሚወጣ፣ ማንም የማያምነው፣ ምንም ሊያደርገኝ የማይችል ሰው ነው። በዚያች ክፍል ውስጥ የሚያስፈራኝ አልነበረም። ቢሆንም ሞክሬ ነበር ማለት አጠፋሁ ማለት ነው፤ ያን ደግሞ ሙሀንዲሳዋ ልትለው አልቻለችም።

«አይ» አልሁ። «አልሞከርኩም።»

ራሷን ቀስ ብላ ነቀነቀች። ቅር ያላት አትመስልም ነበር፤ የቀለላት ትመስል ነበር።

«ደግ አደረግሽ» አለች። «ብትሞክሪልኝ ኖሮ ይኼ ሁሉ ባንቺም ይደርስ ነበር። እኔማ ዋይፋዩ ድርግም ሲል፣ ይቺ ሴትዮ ልቧ ራርቶ እየሞከረችልኝ ነው፤ ታሞባት ነው ብዬ እኮ ነው የነቀልኩት። ያሳየሽኝን አስታውሼ። ልረዳሽ ብዬ።» በአፍንጫዋ ሳቅ አለች። «ምን አውቃለሁ።»

የሻንጣዋን ዚፕ ዘጋችው፤ በመሀል ስለያዘባት ደግማ ሳበችው። እኔ ሦስተኛውንና አራተኛውን ብሎን አሰርሁ። ቁልፉን ሁለት ጊዜ ከፍቼ ዘጋሁት፤ በደንብ ይሠራል።

ሁለቱንም መክፈቻዎች ለማዳም ሰጠኋት። «ሹክራን ያ ሙሀንዲሳ» አለችኝ። የሥራ ማጠናቀቂያ ወረቀቱን ፈረመችልኝ። ስወጣ ዘበኛው አወቀኝና ተነሥቶ ትልቁን በር ከፈተልኝ። የእሷ ሻንጣ ቀድሞኝ ወጥቶ ነበር፤ በትንሹ በር አጠገብ ግድግዳውን ተደግፎ ቆሟል። የድርጅቱ ነጂ የመኪናውን በር ከፍቶ እስኪጠራኝ ድረስ ቆሜ ሻንጣውን አየሁት። ከዚያ ገባሁና ወደ ኾበር ተመለስሁ።